«ፎርማት እናድርገው» ከመባሉ በፊት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ፣ ሃርድ ዲስኩ አረጀ፣ አዲስ ተገዛ፣ ከዚያስ? ከደሴም ከኮምቦልቻም የጻፋችሁልኝ ሁሉ ጥገና ቤት የተነገራችሁ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፎርማት እናድርገው»። ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ዊንዶውሱ በቫይረስ ከተበላሸ ወይም ራሱ ከታመመ እንደ አዲስ መጫኑ ይሻላል። ግን ዲስክ ስለተቀየረ ብቻ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ግዴታ አይደለም። ይህን የምለው ሰው ያለ ምክንያት የዓመታት ሥራውን ሲያጣ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ሰፋ አድርጌ፣ የቀሩትን ባጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ላፕቶፔን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ነው። ጠዋት አብርቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። ፎቶሾፕ ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ዘመዴ ከአዲስ አበባ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ያንን የማይሽከረከረውን አዲስ ዓይነት ዲስክ፣ አመጣልኝ። ባለሙያ ጋ ስወስደው «ዊንዶውሱም ፕሮግራሞችህም እንደ አዲስ ይጫናሉ» አለኝ። እኔ ደግሞ ፎንቶቼ፣ ፓወር ግዕዙ፣ ለሠርግ አልበም ያዘጋጀኋቸው ቴምፕሌቶች፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። የፕሪንተሩን ከለር ለማስተካከል ብቻ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዊንዶውሱ ሳይነካ እንዳለ ማዛወር ይቻላል? አዲሱ ደግሞ በ20 ጊጋ ያንሳል፣ ይበቃው ይሆን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይቻላል። ሥራው ክሎን ማድረግ ይባላል። የድሮው ዲስክ ላይ ያለው በሙሉ፣ ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሙ፣ ፎንቱ፣ ዴስክቶፕህ ላይ የተበተነው ፎልደር ሳይቀር፣ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። አዲሱን ገጥመህ ስታበራ ኮምፒውተሩ ትናንት ማታ እንደተውከው ሆኖ ነው የሚነሳው። የፕሪንተርህ ከለርም ቦታው ላይ ነው። የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው፣ እሱም በደንብ ይለወጣል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ጥሩ ቀን ላይ በሰከንድ 100 ሜጋ አካባቢ ያነባል፣ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ከዚህም በላይ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ለመልቀም የሚሽከረከር ነገር መጠበቅ የለበትም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያደርገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ሲ ድራይቭን ከፍቶ፣ ሁሉንም መርጦ ኮፒ ፔስት ማድረግ ክሎን አይደለም። ፎቶዎችህ ይገለበጣሉ፣ ዊንዶውሱ ግን አይነሳም። ዲስኩ ላይ የማታያቸው፣ ፓርቲሽን የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በዘመኑ ላፕቶፖች ላይ ኢኤፍአይ የሚባለው ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን ከየት እንደሚያነሳ የሚነግረው ይሄ ትንሽዬ ክፍል ነው። ኮፒ ፔስት ስታደርግ እሱ እዚያው ይቀራል። ዊንዶውስም እየሠራ ሳለ በእጁ የያዛቸውን ፋይሎች አላስነካም ይላል። የክሎን ፕሮግራም ግን ፓርቲሽኖቹን በሙሉ፣ የተደበቁትንም ጭምር ነው የሚወስደው።

ስለ መጠኑ አትጨነቅ። የሚወስነው ዲስኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን አንተ የሞላኸው ነው። ሲን ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ ግባና የተያዘውን እይ፣ ዲ ካለህ ደምረው። ድምሩ ከ380 ጊጋ በታች ከሆነ ተመችቶት ይገባል። ካለፈ ያለቁ ሠርጎችን መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናል አውጣ። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ይደክማል፣ ትንሽ መተንፈሻ ተውለት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የድሮውን ዲስክ ጤንነት ተመልከት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ሆኖ «ጉድ» ካለህ ቀጥል። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለህ ግን ዲስኩ መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ክሎኑን ትተህ ፎቶዎቹን ቀድመህ አውጣ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ደግሞ ወዲያው አጥፋው፣ ደጋግመህ አታብራው። በየማብራቱ የሚተርፈው ነገር ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ሃርድ ዲስክ የምንጎዳው መንገድ ላይ ነው። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግተው ቦርሳ ውስጥ ከትተው ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጡ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ክዳኑ ቢዘጋም አይተኛም፣ ውስጡ ያለው ዲስክ በየጉድጓዱ እየተንገጫገጨ ይሽከረከራል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በዚህ በኩል ትገላገላለህ።

ጤንነቱን ካየህ በኋላ የማይተኩትን ፋይሎች ሦስተኛ ቦታ አስቀምጥ። አሮጌው አንድ፣ አዲሱ ሁለት፣ ኤክስተርናሉ ሦስት። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እባክህ አንተ አትዝለለው። የያዝከው የራስህን ፋይል ብቻ አይደለም፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ፎቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስንት ሱቅና ቢሮ ኮምፒውተሩን እንዳጣ አንተም ታውቃለህ። ቅጂው ሌላ ቤት የነበረ ሰው ቢያንስ ፋይሉ ተርፎለታል።

ከዚያ ኤስኤስዲውን ከላፕቶፑ ጋር የምታገናኝበት ነገር ያስፈልግሃል። ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ወይም የኤክስተርናል ቤት በለው፣ ኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ አይጠፋም። ከቻልክ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰካው፣ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 እሱ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይህ። የድሮው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋ አካባቢ ነው የሚያሳልፈው። 300 ጊጋ ካለህ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። በዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስኩ ራሱ እስከቻለ ድረስ ነው የሚሄደው፣ ግማሹን ጊዜ ይቆጥብልሃል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ የገዛኸው ሳምሰንግ ከሆነ ሳምሰንግ የራሱን የማዛወሪያ ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፣ ግን ተቀባዩ ዲስክ ሳምሰንግ ካልሆነ አይሠራም። ዌስተርን ዲጂታልም ለራሱ ዲስኮች የአክሮኒስን ፕሮግራም ይሰጣል። ሌላ ከሆነ ዲስክጂኒየስ ነጻ እትም አለው፣ ወደሚያንስ ዲስክም ያዛውራል። ክሎንዚላ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን በፍላሽ የሚነሳና በጽሑፍ የሚያናግር ስለሆነ ለጀማሪ ያስፈራል። በዚያ ላይ ተቀባዩ ዲስክ በትንሹም ቢሆን ካነሰ በተለመደው አሠራሩ እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ላንተ አይሆንም። ማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ ነው ብሎ የሚነግርህ ሰው ካለ የድሮ ወሬ ነው፣ ነጻው እትም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የለም። ክራክ ያለው አውርደህ ደግሞ የሰው ፎቶ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አትጫን።

ከማስጀመርህ በፊት ሁለት ነገር። ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ ቁልፍ በርቶ ከሆነ አጥፋውና ቁልፉ ተፈቶ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ ሲን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ ብለህ ስህተት ካለ እንዲጠገን አድርግ። የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ዝጋ።

አሁን ወሳኟ ደቂቃ መጣች። ፕሮግራሙ «ከየት ወደ የት?» ብሎ ይጠይቅሃል። እዚህ ጋ እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ። በእውነት፣ አንሳና አንብብ። ድርጅቱን አይተህ፣ መጠኑን አይተህ ለይ፦ ያንተ አሮጌ 465.76 ይላል፣ አዲሱ 447.13። ትልቁ ሰጪ፣ ትንሹ ተቀባይ። ተቀባዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። እኔ አንድ ጊዜ መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ገልብጫለሁ። ዲስኩ የሰው ነበር። በማገገሚያ ፕሮግራም ሁለት ቀን ለፍቼ አብዛኛውን ፎቶ መለስኩ፣ ሁሉንም ግን አልመለስኩም። ለዲስኩ ባለቤት ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ የነገርኩባት ቀን አትረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ካላመሳከርኩ «ስታርት» የሚለውን አልነካም።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፕህ ባትሪው የሚይዝ ከሆነ ችግር የለም። ባትሪው ካለቀም አሮጌው የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ምንም አይሆንም፣ አዲሱ ላይ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው።

ሲያልቅ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ፤ ውስጥ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈትክ የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ትንሽ ካቻቪቴ ይበቃሃል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሳልና እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ አስቀምጥ። ረጅሟን ብሎን በአጭሯ ቦታ ስታጠብቅ ኪቦርዱ በኩል ወጥታ ታየኛለች። አሮጌውን ያቀፈችውን ቆርቆሮ ፈትተህ አዲሱን እሷ ላይ እሰር፣ ካለሷ ይንቀሳቀሳል። ሶኬቱ የኤል ቅርጽ ስላለው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ እምቢ ካለህ አዙረው እንጂ አትግፋ።

መጀመሪያ ስታበራ አሮጌው በዩኤስቢም ቢሆን አይሰካ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው ዊንዶውስ ይምታታበታል። አዲሱ ብቻውን ከተነሳ ጨርሰሃል። የሠርጉን አልበም ክፈት፣ አንድ ገጽ ፕሪንት አድርግ፣ አማርኛ ጻፍበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬም ወደ ጡረታው እየተጠጋ ነው። ሒሳባችን በፒችትሪ ነው። የቢሮው ዴስክቶፕ የቆየ ነው። አንድ ቴክኒሺያን ማስቲካ የምታክል አዲስ ዲስክ ገዝቶ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካና ክሎን አደረገልን። ሲበራ ግን ሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ልጁ አሁን ፎርማት ይሻላል እያለ ነው። የፒችትሪው ሲዲ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እማማ፣ መጀመሪያ ልጁን ፎርማት እንዳያደርግ ይከልክሉት። አሮጌው ዲስክ አልተነካም አይደል? እንግዲያው ምንም አልጠፋም። አዲሷን ይንቀሉ፣ አሮጌውን ይመልሱ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ዲስክ አይደለም። ፒችትሪን ከፍተው ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክ አፕ ይበሉና ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ፍላሹ ከቢሮው ወጥቶ ቤትዎ ይደር።

ሰማያዊው ገጽ የሚለው «ዊንዶውስ ሊነሳ ጀመረ፣ ግን የተኛበትን ዲስክ ማግኘት አቃተኝ» ነው። ፋይሉ እዚያው አለ፣ መንገዱ ነው የጠፋው። ማስቲካ የምታክለው ኤንቪኤምኢ ትባላለች። የድሮው ዲስክ በሳታ ኬብል ነበር የሚያወራው፣ ይቺ በሌላ መንገድ ነው። ዊንዶውሱ ዕድሜውን በሙሉ በሳታ ሲነሳ ስለኖረ የዚህችን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃዋን የሚያናግረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ገና ሲነሳ መጫን እንዳለበት አያውቅም። ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ውስጥ ያለው የዲስክ አሠራር ምርጫ ተነካክቶ ከሆነም ይኸው መልእክት ይመጣል፣ ስለዚህ ልጁ እዚያ የቀየረው ነገር ካለ ወደ ነበረበት ይመልስ።

ድራይቨሩ ከሆነ ችግሩ መፍትሔ አለው። በአሮጌው እየተነሳችሁ አዲሷን እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰክታችሁ ዊንዶውስ ይወቃት። ከዚያ «ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ ቡት የሚለው ጋ ገብቶ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት ያድርግ። ሳያበራና ሳያጠፋ እንደዚያው ክሎን ያድርግ። አሮጌውን ነቅሎ በአዲሷ ሲያስነሳ በሴፍ ሞድ ትነሳለች፤ ሴፍ ሞድ ላይ ዊንዶውስ ያሉትን የዲስክ ድራይቨሮች ሰፋ አድርጎ ስለሚጭን መንገዱን ያገኘዋል። አንዴ ከተነሳች ምልክቱን አንስቶ እንደገና ያስነሳ። ይህን ዘዴ ልጁም ያውቀው ይሆናል፣ ካላወቀ ይህን ገጽ ያሳዩት።

ሌላ እንቅፋት አለ። የቆየ ዴስክቶፕ ስላሉ ዲስኩ የተከፋፈለው በድሮው ኤምቢአር በሚባለው ሊሆን ይችላል፣ ባዮሱም በድሮው ሌጋሲ በሚባለው አሠራር። ኤንቪኤምኢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትነሳው ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ2017 እ.ኤ.አ.ው 1703 እትም ጀምሮ ኤምቢአርን ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ፣ የሚቀይር መሣሪያ ከውስጡ ይዞ ይመጣል፣ ፋይል ሳይጠፋ ይቀይራል። አንዳንድ የድሮ ማዘርቦርድ ግን ባዮሱ ከዚህች ዲስክ መነሳት ጭራሽ አያውቅም። ቀዳዳው ስላለ ብቻ ይነሳል ማለት አይደለም።

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ልንገርዎ። የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ የድርጅት ሒሳብ የያዘ ነው፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የሚያለቅሱት እርስዎ ነዎት። አዲሷን ሱቁ የሚቀበል ከሆነ መልሱና በሳታ ኬብል የሚገጠመውን ጠፍጣፋውን ኤስኤስዲ ግዙ። መንገዱ ከአሮጌው ጋር አንድ ስለሆነ ክሎኑ ብዙ ጊዜ ያለ ጣጣ ይነሳል። ፍጥነቱ በወረቀት ላይ ያንሳል፣ ፒችትሪ ላይ ተቀምጠው ግን ልዩነቱ አይሰማዎትም። ክሎኑ ሲሠራ ፒችትሪ ይዘጋ፣ በኔትወርክ የሚገቡትም ሠራተኞች ይውጡ። ውስጡ የሚሠራው ዳታቤዝ እየተጻፈበት ከተገለበጠ የተበላሸ ቅጂ ሊወጣ ይችላል። ሲያልቅ ያለፈውን ወር ትሪያል ባላንስ አውጥተው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፣ ቁጥሩ ሳይገጥም ልጁን አያሰናብቱት። ዊንዶውሱ አክቲቬት የተደረገ ከሆነም አይጠፋባችሁም፣ የተሳሰረው በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ነው እንጂ ከዲስኩ ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው። ኮምቦልቻ ተማሪ ነኝ። የላፕቶፔ ማዘርቦርድ ተቃጠለ፣ ዲስኩ ግን ደህና ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ላይ ነው። አውጥቼ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ብገጥመው ዊንዶውስ ሳልጭን ይነሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዊንዶውስ 10ም 11ም አዲስ ማዘርቦርድ ሲያይ «ዕቃዎችን እያዘጋጀሁ ነው» ብሎ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይገባል። አክቲቬሽኑ ግን ሊጠፋ ይችላል። አንቺ የምትፈልጊው ጽሑፍሽን ከሆነ ግን የጓደኛሽን ላፕቶፕ መፍታት አያስፈልግም። ዲስኩን በኤክስተርናል ቤት ውስጥ አድርጊውና በዩኤስቢ ሰኪው፣ ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በስምሽ ታገኚዋለሽ። ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ከጠየቀሽ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፏል ማለት ነው። አትደንግጪ፣ ቁጥሩንም በግምት አትሞክሪ። ላፕቶፑን መጀመሪያ ስታበሪው በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ከነበረ ቁልፉ ብዙ ጊዜ አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በስልክሽ ግቢና ፈልጊው። ያ ቁልፍ ከሌለ ማንም ባለሙያ አይከፍትልሽም፣ እከፍታለሁ ብሎ ብር ለሚቀበልሽም አትስጪ።

ጥያቄ፦ ክሎን አድርጌ ጨረስኩ፣ ሁሉ ሰላም ነው። አሮጌውን 500 ጊጋ ልሸጠው ነው። ፎርማት አድርጌ ብሰጥ ይበቃል?

መልስ፦ ገና አትሽጠው። ሦስት ሳምንት ሳትነካው አስቀምጥ፣ የረሳኸው ነገር የሚገኘው በነዚያ ቀናት ነው። ከዚያ ስትሸጥ ዊንዶውስ ላይ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሳው። ኩዊኩ ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ፎቶህ እዚያው ነው ያለው፣ በነጻ ፕሮግራም ይወጣል። ምልክቱ ሲነሳ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጻፍበታል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ አስጀምረህ ተኛ።